የናፍታ ፒካፕ በታመመች ጊዜ ምርመራውን ከታንኩ ስለ መጀመር

በየአገሩ ያላችሁ አስተዳዳሪዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ሰፊ እርሻዎች እንደምታውቁት፥ ገበሬው በሰኔና በሐምሌ የሚዘራው ምርጥ ዘር፥ የሚበትነው ማዳበሪያ፥ ለከብቱም የሚመጣው ክትባት፥ ከዋናው መንገድ ተነሥቶ እስከ ቀበሌው የሚደርሰው በብዙ ስፍራ በአንዲት አሮጌ የናፍታ ፒካፕ ነው። ዝናብ ደግሞ ለማንም ቀጠሮ አይሰጥም። መኪናዪቱ በግንቦት መጨረሻ ታማ ጋራዥ የገባች እንደ ሆነ፥ ዘሩ በመጋዘን እንደ ተከመረ የመዝሪያው ጊዜ ያልፋል፤ ክትባቱም በመንገድ ሙቀት ገብቶት ከንቱ ይሆናል።

በእንዲህ ያለው ጊዜ ለሹሙ የሚቀርብለት ወረቀት ብዙውን ጊዜ ቃሉ አንድ ነው፤ «ፖምፓው ስለ ተበላሸ ይለወጥ» ይላል። ሹሙም የመካኒክነት ትምህርት ስለሌለው፥ ሥራውም ስለሚያስቸኩለው፥ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ይወጣል፤ ፖምፓው ተፈትቶ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ሳምንት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል፤ ተመልሶ በተገጠመም በሦስተኛው ቀን መኪናዪቱ እንደ ቀድሞዋ መንገድ ላይ ትቆማለች። በሽታው ከፖምፓው አልነበረምና ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ናፍታው ከታንኩ እስከ ሞቶሩ የሚሄድበትን መንገድ ከመነሻው ጀምሮ ሳያስመረምር ማንም ሹም የፖምፓ ማደሻ ወረቀት ሊፈርም አይገባውም። ምርመራው የሚጠይቀው ግማሽ ቀን፥ አንድ ክንድ የሚያህል ውስጡ የሚታይ ቱቦ፥ አንድ ንጹሕ ጀሪካንና ሁለት ሦስት መፍቻ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዳይሰፋብን በአገራችን መንገድ በጣም የታወቀችውን የቶዮታ ሃይሉክስን ለምሳሌ እንወስዳለን፤ ይልቁንም 2ኤል፥ 3ኤልና 5ኤል ከሚባሉት ሞቶሮች አንዱን የተሸከመችውን። እነዚህ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆኑ፥ ይዞታቸው በተራ 2446፥ 2779 እና 2986 ኩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው። ፖምፓቸው ያለ ኮምፒዩተር ትእዛዝ፥ በብረት አካላቱና በሞላዎቹ ብቻ መጥኖ የሚያድል ስለ ሆነ፥ በዛፍ ጥላ ሥር እንኳ ሊመረመር ይችላል። 5ኤል ኢ የተባለው ግን ፖምፓው በኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ የሚሠራ ነውና ከዚህ የምንናገረው ሁሉ ለእርሱ አይሆንም። ዲ ፎር ዲ ስለሚባሉት አዲሶች ደግሞ ከታች የምናስጠነቅቀው አለ። ስለ ቃላቱም አንድ ነገር እንበል፤ ሞተሪኖ፥ ፊልትሮ፥ ማርሚታ፥ ፖምፓ የሚለው የጋራዥ ቋንቋ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ እኛም እንዲሁ እንጽፈዋለን፤ መካኒኩ የማይሰማውን አዲስ ቃል ፈጥሮ ሥራ ማዘዝ ነገር ከማጥፋት በቀር ጥቅም የለውምና።

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ ኢንጂነር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ ሞቶሩን አስፈትኖ ካሳየ ወዲህ የሥራው መሠረት አልተለወጠም። የቤንዚን ሞቶር በካንዴላ ብልጭታ ያቃጥላል፤ የናፍታ ሞቶር ግን አየሩን ብቻውን አጥብቆ ይጨምቃል። በ2ኤል ሞቶር አየሩ ከነበረው ስፋት ወደ ሃያ ሁለተኛ እጁ ያህል እስኪያንስ ድረስ ይጨመቃል፤ በመጨመቁም እጅግ ስለሚግል፥ ናፍታው እንደ ጉም ደቅቆ በተረጨበት ጊዜ በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ይህ ሞቶር የሚያሻው ሁለት ነገር ነው፤ በደንብ የተጨመቀ አየርና፥ በልኩ በሰዓቱ በኀይል የሚረጭ ናፍታ።

ናፍታውም የሚሄድበት መንገድ እንዲህ ነው። ከጭነት መጫኛው ሥር ካለው ታንክ በወንፊት በኩል ይሳባል፤ በሻሲው ጎን በተዘረጋው የብረት ቱቦና ጫፍ ለጫፍ በሚያያይዙት የጎማ ቱቦዎች ወደ ፊት ይመጣል፤ ከዚያም በሞቶሩ አጠገብ ካለው ፊልትሮ ይገባል። በፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ የሚገፋ ትንሽ ፖምፓ፥ በግርጌውም የውሃ ማውጫ አለ። ከፊልትሮው ወጥቶ ወደ ዋናው ፖምፓ ይገባል። ይህ ቪ ኢ የሚባለው ዓይነት ፖምፓ ንድፉ ቦሽ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ነው፤ በጃፓን ደግሞ ዴንሶ የተባለው ፋብሪካ ይሠራዋል። በውስጡ ናፍታውን ከታንኩ የሚስብ መሳቢያና አንድ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ እየተሽከረከረ፥ ወዲያውም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ፥ ለአንደኛው፥ ለሦስተኛው፥ ለአራተኛውና ለሁለተኛው ሲሊንደር በተራ ያድላል። የተረፈው ናፍታ በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። በዘንጉና በሚመላለስበት ቤት መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል ከዚያ ጥቂቱን ያህል ብቻ ነው፤ የሰው ጠጉር ከዚህ ብዙ እጅ ይወፍራል። ለዘንጉም ቅባት የሚሆነው ራሱ ናፍታው ነው እንጂ ሌላ ዘይት የለውም። ስለዚህ ውሃና አሸዋ ለዚህ ፖምፓ መርዝ ናቸው፤ ላምባ የተቀላቀለበት ናፍታም ቅባትነቱ ስለሚያንስ ቀስ እያለ ይበላዋል።

ከዚህ ሁሉ ግን አንዱን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እርሱ ነውና። ከታንኩ እስከ ዋናው ፖምፓ ያለው መንገድ ናፍታ የሚሳብበት እንጂ የሚገፋበት አይደለም። በሚገፋበት ቧንቧ ላይ ቀዳዳ ቢኖር ፈሳሹ ወደ ውጭ ይንጠባጠባልና በዐይን ይታያል። በሚሳብበት ቱቦ ላይ ቀዳዳ ቢኖር ግን ሞቶሩ ሲሠራ ፈሳሹ አይወጣም፤ አየር ይገባል እንጂ። በተሰነጠቀ መቃ ውሃ ለመሳብ የሞከረ ሰው አፉ የሚሞላው አየር እንደ ሆነ ሁሉ ማለት ነው። አየር ደግሞ ይጨመቃል፤ ዘንጉ ናፍታ ሊገፋ ሲል አየሩን ጨምቆ ይቀራል፤ ሲሊንደሩም ሳይረጭለት ያልፋል። እንግዲህ መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ከወጣ በኋላ «ሁሉም ደረቅ ነው፥ የሚያፈስ የለም» ቢል፥ ይህ ቃሉ ስለ መሳቢያው መንገድ ምንም ምስክር አይሆንም።

ምርመራው የሚጀመረው ግን ከብረቱ ሳይሆን ከሾፌሩ ነው። ሐኪም ከመዳሰሱ አስቀድሞ በሽተኛውን ይጠይቃልና። ሾፌሩን እንደ ተከሳሽ አትጠይቁት፤ የፈራ ሾፌር መጨረሻ የቀዳው ከየትኛው በርሜል እንደ ሆነ አይናገርም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ይኸው ነገር ሳለ። ሕመሙ በድንገት የመጣ ነው ወይስ እየቆየ የባሰ? ጧት ነው የምታስቸግረው ወይስ ከሞቀች በኋላ? በሜዳ ደኅና ሄዳ ዳገት ላይ ነው ጉልበት የሚያንሳት? ናፍታ ከተቀዳላት ስንተኛው ቀን ነው?

መልሱ መንገዱን ያሳያል። በሜዳ ደኅና እየሄደች ዳገት ላይ የምትደክመው፥ ናፍታ ብዙ በሚያስፈልጋት ጊዜ መንገዱ የጠበበባት ናት፤ ፊልትሮውን ወይም የታንኩን ወንፊት ተጠራጠሩ። እንደ መብራት ድንገት ጠፍታ ከዚያ ወዲያ እምቢ ያለችው ብዙ ጊዜ ሕመሟ የኤሌክትሪክ ነው። ከተቀዳላት በኋላ እየተርገፈገፈች ነጭ ጭስ የምታወጣው ውሃ ጠጥታ ይሆናል። ጧት ሞተሪኖዋ ለረጅም ጊዜ ዞሮ በጭንቅ ተነሥታ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የማታስቸግረው፥ ወይ ሌሊት በቱቦዋ አየር ገብቶ ናፍታው ወደ ታንኩ ተመልሷል፥ ወይም የማሞቂያ ካንዴላዎቿ ሞተዋል። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ቀላል ብልሃት አለ። በማግስቱ ጧት ቁልፉ ሳይዞር በፊት በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ድረስ ይገፋ። ከዚያ ወዲያው ከተነሣች ነገሩ አየር ነው። እንደ ወትሮዋ ካስቸገረች ካንዴላዎቹ ይመርመሩ፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም አገር ይህ የተለመደ ነው፤ ከናፍታውም ጋር ግንኙነት የለውም።

ከታንኩ እንጀምር። የታንኩ ክዳን ጠፍቶ በጨርቅ ወይም በፌስታል የተወተፈበት መኪና በየገጠሩ ይታያል። የጨርቁ ክርና የፌስታሉ ቅዳጅ ወደ ውስጥ ወርዶ ከወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። በተለጠፈም ጊዜ አስገራሚ ነገር ይሆናል፤ መኪናዪቱ ጥቂት ሄዳ ትቆማለች፤ መካኒክ ሲፈለግ ቆይቶ፥ መሳቡ በመቅረቱ ቅዳጁ ተላቅቆ ይንሳፈፋል፤ መካኒኩ ሲደርስ ትነሣለች። ትክክለኛ ክዳን ያላት ደግሞ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ሊደፈን ይችላል። ናፍታው ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ታንኩ ይታፈናል፤ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዛ ትቆማለች፤ አርፋም ትነሣለች። ይህን ለመለየት መፍቻ አያስፈልግም፤ በቆመች ጊዜ ክዳኑ ይከፈት፤ አየር «እስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ በሽታው ተገኝቷል። ፖምፓ ለመለወጥ የታሰበው ገንዘብም ለአንድ ክዳን ይበቃል፤ ይተርፋልም።

ቀጥሎ ፊልትሮው ነው። ከግርጌው ያለው ማውጫ ላላ ብሎ የሚወጣው በብርጭቆ ወይም በሚያሳይ ጠርሙስ ይቀዳና ለጥቂት ጊዜ ይቀመጥ። ናፍታ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይሆናል፤ ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። ዝገት ካለበት ቀይ ደለል ይሆናል። ጥቁር ዝቃጭ እንደ ንፍጥ ሲሳብ ከታየ ግን፥ ይህ በውሃውና በናፍታው ድንበር ላይ የሚራቡ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሥራ ነውና ፊልትሮ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ታንኩ ወርዶ ይታጠብ። ፊልትሮው ውሃ በሞላበት ጊዜ በሾፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ መብራት እንዲበራ ተደርጎ ነበር፤ ይህ መብራት ስላስቸገረ ሽቦው የተነቀለበትን መኪና ያገኘ ሹም ከሁሉ በፊት ሽቦውን ያስመልስ። አዲስ ፊልትሮ ሲገባ፥ ባልተጣራ ናፍታ በአፉ ሞልቶ መግጠም የታወቀ ጥፋት ነው፤ በመካከለኛው ቀዳዳ የገባው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳልና። ባዶውን ገጥሞ በእጅ ፖምፓው መሙላት ይገባል፤ እጅ ይደክማል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ውሃው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ከመኪናዋ አውጥቶ ወደ ግምጃ ቤታችን ይወስደናል። ማደያ በራቀበት ወረዳ ናፍታ የሚቀመጠው 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ነው። በርሜሉ ቀጥ ብሎ በሜዳ ከቆመ፥ በላዩ ባለው ከንፈር ውስጥ የዝናብ ውሃ ይቋጠራል። ቀን በፀሐይ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ጥቂቱ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰብና በክዳኑ ጥርስ በኩል ያንን የተቋጠረ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ክዳኑ ናፍታ የማያፈስ ቢሆን እንኳ ከብዙ ሌሊት በኋላ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ በርሜል በጥላ ሥር፥ በእንጨት ላይ በጎኑ ተጋድሞ፥ ሁለቱ ክዳኖቹም በአንድ አግድም መስመር ሆነው ከናፍታው ወለል በታች እንዲውሉ ተደርጎ ይቀመጥ። ማጋደም የማይቻል እንደ ሆነ፥ ከሥሩ በአንድ ወገን ጉማጅ ተደርጎ ዘንበል ይበል፤ ክዳኖቹም ውሃው ከሚቋጠርበት ከዝቅተኛው ወገን ራቅ ይበሉ። በመኪና ተጭኖ የመጣ በርሜል ወዲያው አይቀዳ፤ ቀጥ ብሎ አንድ ሙሉ ቀን ይረጋ። መቅጃው ቱቦ እስከ ታች አይውረድ፤ ከወለሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ የታችኛው ዝቃጭ ተለይቶ ለሌላ አገልግሎት ይሁን። በዚንክ የተለበጠ ዕቃ ናፍታ አይቀመጥበት፤ ዚንኩ ከናፍታው ጋር እየተዋሐደ ፊልትሮ የሚደፍን ነገር ይፈጥራልና። ታንኩ ደግሞ ማታ ይሞላ እንጂ ጧት አይሞላ፤ በባዶው ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ላቡን በብረቱ ላይ ይጥላል፤ ላቡም ወርዶ ከታች ይጠራቀማል። ይህ ሁሉ ለሾፌሩ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሹም ነው ሊያስደርገው የሚችለው።

አሁን ወደ አየሩ ነገር እንመለስ። በፊልትሮውና በዋናው ፖምፓ መካከል ያለው የጎማ ቱቦ ወጥቶ በምትኩ ውስጡ የሚታየው ቱቦ ይግባ፤ ጫፎቹም በማጠበቂያ ይጥበቁ። ሞቶሩ ሲነሣ በመጀመሪያ ጥቂት አረፋ ያልፋል፤ ይህ ሲፈታ የገባ ነው። አረፋው ካላቋረጠ ግን ከኋላ አየር የሚገባበት ስፍራ አለ። ከዚያ መፈለግ ነው፤ ሰባትና ስምንት ክረምት ያየ ጎማ ቱቦ ከውጭ ደኅና መስሎ ማጠበቂያው ሥር ተሰንጥቆ ይገኛል፤ በሻሲው ላይ የተዘረጋው የብረት ቱቦ ጭቃ በተጠራቀመበት ስፍራ ይዝጋል፤ የፊልትሮው ጎማ ቀለበት ይጣመማል፤ የእጅ ፖምፓው ቆዳም ይበላል። የእጅ ፖምፓው ራሱ ይናገራል። ብዙ ተገፍቶ እንኳ የማይጠነክር ከሆነ አየር ይገባል፤ ሞቶሩ እየሠራ ሳለ ደግሞ ማንም ሳይነካው ወደ ታች ተስቦ ከቀረ፥ ከታንኩ በኩል መንገዱ ታግዷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጀሪካኑ ፍተሻ ነው፤ ሹሙ ባለበት ይደረግ ዘንድ የምንመክረውም ይህንን ነው። መኪናዪቱ በሜዳ ትቁም፥ የእጅ ፍሬኗ ይያዝ፥ ከጎማዋም ታኮ ይደረግ። ንጹሕና የተጣራ ናፍታ የያዘ ትንሽ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ ባለ ስፍራ፥ ከማርሚታው ሙቀትም ርቆ፥ እንዳይወድቅ ይታሰር። ከፊልትሮው የሚመጣው ቱቦ ከፖምፓው ላይ ይነቀልና ከጀሪካኑ የሚመጣው ቱቦ በስፍራው ይግባ፤ የመመለሻውም ቱቦ ወደዚያው ጀሪካን ይመለስ። አየሩ ከወጣ በኋላ ሞቶሩ ይነሣ፤ በዝግታም በፍጥነትም ሩብ ሰዓት ያህል ይሥራ። ያስቸግር የነበረው ሞቶር በጀሪካኑ ናፍታ ወዲያው ተነሥቶ ሳይንገጫገጭ ከሠራ፥ ፖምፓው ከክሱ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ ከፊልትሮው እስከ ታንኩ ባለው መንገድ ወይም በታንኩ ባለው ናፍታ ውስጥ ነው። በጀሪካኑም ናፍታ ያው ሕመም ከታየ ግን ታንኩና ቱቦው ነጻ ወጡ፤ ምርመራው ወደ ፖምፓው፥ ወደ መርጫዎቹና ወደ ሞቶሩ ያልፋል። በዚህ አንድ ፍተሻ ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ለማድረግ «ጊዜ የለኝም» የሚል ጋራዥ ፖምፓ ለማውረድ ጊዜ ካገኘ፥ ሌላ ጋራዥ መፈለግ ይሻላል ብለን እናስባለን። በዚህ ሁኔታ መኪናዪቱን በመንገድ መንዳት ግን ክልክል ነው፤ ጀሪካኑ ቢገለበጥ የጋለ ብረት አጠገብ ነውና እሳት ይነሣል። ሕመሟ ጭነት ይዛ ዳገት ላይ ብቻ የሚታይ የሆነች መኪናም በቆመችበት ላትገልጠው ስለምትችል፥ ለእርሷ አስቀድሞ ፊልትሮው ይለወጥ፥ ወንፊቱም ይታይ።

ድንገት ጠፍታ እምቢ ያለችውን በሚመለከት፥ በፖምፓው ራስ በስተኋላ አንድ ሽቦ የተያያዘበት የናፍታ መዝጊያ አለ። ቁልፉ ሲከፈት በኤሌክትሪክ ኀይል ተስቦ ይከፍታል፤ ሲዘጋ በሞላው ተመልሶ ይዘጋል። ሽቦው ከላላ ወይም ፊውዙ ከተቃጠለ ናፍታው ከፖምፓው አልፎ አይሄድም። አንድ ሰው ቁልፉን ሲከፍት ሌላው ጆሮውን ወደ ፖምፓው ያቅርብ፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ከባትሪው 12 ቮልት በሽቦ በቀጥታ ይሞከር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ናፍታው ወደ ሲሊንደሮቹ መድረሱን ለማወቅ በመርጫዎቹ ራስ ላይ ያሉትን የብረት ቱቦዎች ዳዶ በመጠኑ ማላላት ነው፤ ሞተሪኖው ሲዞር ናፍታ በየተራው መውጣት አለበት። ሞቶሩ እየሠራ ሳለ አንድ አንዱን እየፈቱና እየመለሱ ማድመጥ ደግሞ የታመመውን ሲሊንደር ይለያል፤ ሲፈታ ድምፁን ያልለወጠው እርሱ ቀድሞውንም አልሠራም ነበር። በዚህ ሥራ ጊዜ እጅና ፊት ይራቁ። ናፍታው መርጫውን ለመክፈት በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ግፊት አለው፤ በእንዲህ ያለ ግፊት የወጣ ፈሳሽ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ መስሎ ቢታይም ሥጋውን ከውስጥ ይገድላልና፥ የተመታ ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ዲ ፎር ዲ የሚባሉት የኮመን ሬይል ሞቶሮች ግን ግፊታቸው ከ1000 ባር ስለሚበልጥ በእነርሱ ላይ ይህ ዳዶ ከቶ አይፈታ፤ ሰው ይገድላል። በአሮጌዎቹ የለመደ መካኒክ በአዲሶቹም እንዲሁ እንዳያደርግ ሹሙ በግልጥ ይከልክል።

ስለ ጭሱ በአጭሩ፤ ሞተሪኖው እየዞረ ከማርሚታው ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍታ ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። ሰማያዊ የዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ናፍታው ከአየሩ በመብለጡ ነውና በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይራገፍ ወይም ይለወጥ። ጭነት ይዛ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር የምትወጣ መኪና ጥቂት ብትጠቁር ሁልጊዜ በሽታ አይደለም፤ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር በሆነ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ፖምፓው ግን ናፍታውን እንደ ቀድሞው ያድላል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ፖምፓው በእውነት የታመመ ሊሆን ይችላል፤ የራሱም ምልክት አለው። ከነዳጅ መስጫው እጀታ ሥር ናፍታ ያልባል። ጧት በቀላሉ ተነሥታ፥ ከሞቀች በኋላ ከጠፋች ግን እንቢ ትላለች፤ ናፍታው በሙቀት ሲቀጥን በተበላው ዘንግ ጎን ያመልጣልና። ይህን ለማረጋገጥ በእርጥብ ጨርቅ ፖምፓውን ሸፍኖ ማቀዝቀዝ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተነሣች የዘንጉ መበላት ብርቱ ምልክት ነው። በናፍታው ውስጥ የብረት ብልጭልጭታ መታየቱም እንዲሁ። ከፖምፓው በፊት ግን መርጫዎቹ ይፈተሹ፤ ዋጋቸው የሚያንስ፥ ለመፍታትም የሚቀሉ ናቸው፤ ሲመለሱም የመዳብ ቀለበታቸው አዲስ ይሁን። ፖምፓውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ጥርሱ ዘሎ እንደ ሆነም ይታይ፤ በሾፌሩ ፊት ቲ ቤልት የሚለው መብራት የሚበራው የቀበቶው ዘመን መድረሱን ለማስታወስ ነው። የናፍታውን ልክ የሚወስነው የታሸገ ቡሎን ማንም «ጉልበት ልጨምርላት» ብሎ አይንካው፤ ጉልበቱ ለጥቂት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞቶሩ በሙቀት ይጎዳል።

ፖምፓው ወደ ከተማ የሚላክ ከሆነ የሥራ ማዘዣው እንዲህ ይበል። በመለኪያው መሣሪያ ላይ ሲታሰር ከመታደሱ በፊት ለአራቱ ሲሊንደሮች ያደለው ልክ በወረቀት ተጽፎ ይምጣ፤ ከታደሰም በኋላ ያለው እንዲሁ። የተለወጡት አሮጌ ዕቃዎች ተቆጥረው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመለሱ። ፖምፓው ተመልሶ ከመገጠሙ አስቀድሞ ታንኩ ይታጠብ፥ ፊልትሮውም ይለወጥ። የጀሪካኑም ፍተሻ የተደረገበት ቀን፥ የታየው ነገርና ያዩት ሰዎች ስም በመኪናዪቱ መዝገብ ይጻፍ።